መርዶው እስኪነገር

ወታደር ሞትን አይፈራም ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ጥይት የማይበግራቸው ሰዎች ከአንዲት ባዶ መስመር ሲሸሹ በዓይኔ አይቻለሁ። መስመሯ የቤት ሥራ ማኅበር አባልነት ቅጽ መጨረሻ ላይ ነበረች። «ወራሽ» ትላለች፤ ከጎኗ ስም የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለ።

ያኔ በጅማ ማዘጋጃ ቤት የቤት ሥራ ማኅበራትን ጉዳይ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በከተማው የሚኖሩ የሠራዊት አባላት በማኅበር ከተደራጁ ያለ ሊዝ ጨረታ የቤት መሥሪያ ቦታ እንዲያገኙ ተፈቅዶ ነበር። መፈቀዱን ሁሉም ሰምቷል፤ ምን እንደተፈቀደ የገባው ግን አልነበረም። አንዱ፣ መንግሥት ቤቱን ሠርቶ ቁልፍ የሚሰጠው ይመስለዋል። ሌላው ቦታውን በተረከበ ማግስት ሸጦ አገሩ ሊገባ አስቧል። ስለዚህ አለቃዬ «ሂጂና አስረጂ» ይለኛል፤ እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ካምፑ እሄዳለሁ። የጅማ ዝናብ እንደሆነ የስብሰባ ሰዓት አያከብርም።

ዝናቡ ከሚደበድበው ቆርቆሮ ጋር እየተሻማሁ አስረዳቸው ነበር። በራሱም ሆነ በሚስቱ ስም በከተማው ቤት ያለው ሰው አይመዘገብም። ቦታ የተረከበ በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ይነጠቃል። ግዳጅ የሚሄድ ሰው ለሚስቱ ውክልና መስጠት ይችላል፤ ውክልና ግን የሚሠራው ሰጪው በሕይወት እስካለ ብቻ ነው። አባሉ ከሞተ መብቱ ቅጹ ላይ በወራሽነት ላስመዘገበው ሰው ያለ ብዙ ጣጣ ይተላለፋል። እዚህ ላይ ስደርስ አዳራሹ ውስጥ ሳል ይበዛል።

«እህቴ፣ ሟርቱ ይቅርብን» ይለኛል አንዱ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?»

«እሱን ለጠላት ንገሪልን።»

ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ቶሎ እናደዳለሁ። አንድ ቀን «ሞት ቅጽ አንብቦ ነው የሚመጣው የሚል ካለ እጁን ያውጣ» አልኳቸው። ላሳፍራቸው ብዬ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ዓይኑን ሳያሽ እጁን አወጣ።

እጃቸውን ካወጡት አንዱ ጎረቤቴ ነበር። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነው፤ አወቱ መንደራ የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከእኔ ቤት አለፍ ብሎ ከሚስቱ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ሚስቱ ቡና መጋዘን ቡና ለቃሚ ነበረች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ልጅ እግር ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው፣ ከዓይኗ ግን የሚያመልጥ ነገር የለም። እኔን እትዬ ትለኛለች።

ወደ ሰሜን ሊዘምት ሲል ውክልናውን አሠርቶ ሁለቱም እኔ ቤት መጡ። ቅጹን አውጥቼ ወራሽ ከሚለው ጎን ስሟን እንዲጽፍ ለመንኩት።

«ውክልና ሰጥቻታለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?» አለኝ።

«ውክልናው አንተ ካለህ ነው የሚሠራው።»

«እኖራለኋ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «እትዬ፣ እስቲ እንደገና አስረጂኝ» አለችኝ። እንደገና አስረዳኋት። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ቀስ ብላ «ጻፈው» አለችው።

«አንቺም? አንቺም ሞቴን?» አለና ፊቱ ጠቆረ። ከዚህ በኋላ አልደገመችውም። የዘማች ሚስት በመሸኛው ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ደግማ አትጠይቅም፤ ኋላ ክፉ ቢመጣ ያመጣው የእሷ አፍ ነው ይባላል። መስመሯ ባዶዋን ቀረች፣ እሱም ሄደ። ማርገዟን ያወቀችው ከሄደ በኋላ ነው።

ሆዷ እየገፋ ሲሄድ አከራይዋ ጠሯትና ጊቢያቸው ውስጥ የሕፃን ለቅሶ እንደማይችሉ፣ ከወለደች በኋላ ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገሯት። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ በጣም ክፉ አይደሉም ልበል። እሷ ግን ባሏ አጠገቧ የሌለ፣ ዘመዶቿ ሩቅ የሆኑ፣ ከዚያች ቦታ በቀር የምትተማመንበት ነገር የሌላት ሴት ነበረች። በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር «ቦታው መቼ ነው የሚሰጠን?» ትለኛለች።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ የዕድራችን ዳኛ በነጠላዬ ጫፍ ያዝ አደረጉኝ። ከሃምሳ አለቃው ጋር አብሮ የዘመተ፣ እግሩን የቆሰለ የአጋሮ ልጅ መጥቶ እንደነበር ነገሩኝ። ሃምሳ አለቃው ሞቷል። ልጁ በዓይኑ አይቷል።

«ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉኝ። «መውለጃዋ ደርሷል። ትውለድ፣ ልጇን ክርስትና ታስነሳ፣ ያን ጊዜ ወግ ባለው መንገድ በጠዋት እንነግራታለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ተስማማሁ። ማን የማይስማማ አለ? እኛ ሰፈር እርጉዝ ሳለች መርዶ በድንገት የሰማች ሴት ነበረች፤ ልጁን በማግስቱ ሞቶ ወለደችው። ያን ያየ ሰው ለነፍሰ ጡር መርዶ አይናገርም። በማግስቱ መንገድ ላይ ሳገኛት «ባለቤትሽስ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አለመጠየቁ ያስጠረጥራላ። «ደብዳቤ ቆየብኝ» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በዚያው ሳምንት የማኅበሩ ቦታ ተለክቶ ጸደቀና የመረካከቢያ ጥሪ ወጣ። አባላት እስከ ዓርብ ቀርበው ካልፈረሙ በተጠባባቂ ይተካሉ። ተጠባባቂዎቹ ደግሞ ገና በማለዳ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እነሱም ቤት የሌላቸው ሰዎች ናቸው፣ የሰው መቅረት ነው ተስፋቸው።

ነገሩን ከየትም ብዞረው መውጫ አጣሁለት። በሟች ውክልና ከፈረመች፣ የመከላከያ ማረጋገጫ ሲመጣ ባሏ ቀድሞ መሞቱ ይታወቃል፤ ውሉ ይፈርሳል፣ ቦታውም ይሄዳል። ካልፈረመች ዓርብ ስሟ ይሰረዛል። ያቺ መስመር ተሞልታ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ ወራሿን በራሱ ይተካ ነበር። አለቃዬን የማንንም ስም ሳልጠራ እንዲህ ያለ ቢገጥምስ ብዬ ጠየቅሁት። ግምገማ ደርሶ ስለነበር ከመመሪያ ንቅንቅ አይልም። ሚስቲቱ ራሷ ካመለከተችና አንድ የዓይን ምስክር ቃሉን ከሰጠ፣ ማረጋገጫውና የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ እስኪመጣ ቦታው ታግዶ ይቆያል አለኝ። ራሷ ካመለከተች! ስለማታውቀው ሞት!

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድኩ። ደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ካልነገርናት ቦታዋን ልታጣ ነው።»

«ቤት ይሠራል ልጄ። የወደቀ ፅንስ ግን አይመለስም።»

«ወልዳስ የት ልትገባ ነው? አከራይዋ አስወጣለሁ ብለዋታል እኮ።»

«ዕድሩ አለላት።»

«ዕድር ይቀብራል እንጂ ያኖራል እንዴ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ግን አልተቆጡኝም። «በአንቺ አፍ ከሰማችና አንድ ነገር ከሆነች፣ እኔ አይደለሁም የምጠይቅሽ» አሉኝ፤ ወደ ላይ አላመለከቱም፤ ግን ማን እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተሳስተዋል ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልተሳሳቱም። እኔም አልተሳሳትኩም።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። ውክልናውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች፤ ሆዷ ከበሩ ቀድሟት ነው የገባው። ወንበር ሰጠኋት። ፊቷ በርቷል፤ ይሄ ነው አንጀቴን የበላው።

«የት ልፈርም?» አለች።

ጎኔ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ምንም የማታውቅ ናት፤ ወረቀቱን ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለቻት። እሷም ተቀብላ ጎንበስ አለች። እጄን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩት የማቀርበው ምክንያት አልነበረኝም፤ ማታውን ሳሰላስለው ያደርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

«ዛሬ ቆይ» አልኳት። «ሌላ ቀን ትፈርሚያለሽ።»

«እስከ ዓርብ ነው ተብሏል እኮ።»

«ነው። ግን… ማኅተሙ የለም።»

ማኅተሙ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ባልደረባዬ «እንዴ፣ ይኸው እኮ» ልትል አፏን ስትከፍት በእግሬ ነካኋት። ኮሪደሩ ላይ የተጠባባቂዎቹ ወሬ ይሰማል። እጄን ከወረቀቱ ላይ አላነሣሁም፤ እሷም እያየችው ነበር።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ጎደሎ አለው?»

«የለውም።»

«እኔስ ጎደሎ አለብኝ? መታወቂያዬ፣ የጋብቻ ወረቀቴ?»

«የለብሽም።»

እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ይሄኔ ነው የገባት፤ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እያየሁት ጠፋ። አልጮኸችም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ባልደረባዬ ውሃ ልታመጣ ወጣች፤ እኔ ደግሞ እመብርሃንን ልጁን ብቻ አደራ እያልኩ አጠገቧ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ዓይኗን ሳትገልጥ «ማን ያውቃል?» አለች።

«የዕድሩ ሽማግሌዎች። እኔም።»

«ከወለድኩ በኋላ ሊነግሩኝ ነው?»

«አዎ።»

«ለቅሶ ከተቀመጥኩ ማንም ከቤት እንድወጣ አይፈቅድልኝም። አራስ ከሆንኩም እንደዚያው።» ዓይኗን ገለጠች። «ለቤቱ ምን ያስፈልጋል? እሱን ንገሪኝ። ለቅሶው ይቆየኝ።»

ነገርኳት፤ ማመልከቻ፣ የዓይን ምስክር። ምስክሩ የት እንዳለ ጠየቀችኝና አጋሮ ስላት ተነሣች። «አንቺ አትሄጂም፣ እኔ አመጣዋለሁ» ብላት «ባሌን ያየውን ሰው ሳላየው ምን ብዬ ነው ሞቷል ብዬ የማመለክተው?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ግን የአጋሮን መንገድ ያኔ የሄደበት ያውቀዋል። ጠጠሩ ላይ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር እኔ ነበርኩ ምጥ የያዘኝ። ግራና ቀኝ ደጃፉ ሁሉ ቀይ ቡና ተሰጥቶበታል። እሷ ከፊቷ ያለውን የወንበር ብረት ጨብጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሾፌሩን «ቀስ በል» እያልኩ ጨቀጨቅሁት፤ በመጨረሻ «ራስሽ ንጂው» አለኝ።

የልጁ እናት ደጃፋቸው ቡና እያገላበጡ ነበር። ሆዷን ሲያዩ መዳፋቸውን ጠርገው ሊቀበሏት መጡ። «ኮቱ ኢንተለ ኮ፣ ታኢ፣ ማሎ፤ ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። ልጁ ክራንቹን ተደግፎ ከውስጥ ወጣ። አወቃት፤ በፎቶ ሳያያት አልቀረም። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ወዲያው ግን ሽማግሌዎቹ ያስጠኑት ትዝ አለው መሰለኝ።

«ደህና ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ሃምሳ አለቃ ደህና ነው፣ ሰላም በላት ብሎኛል።»

«ተው ወንድሜ» አለችው። «ለእኔ አትንገረኝ። ለቤታችን ብለህ ንገረኝ።»

ልጁ እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። እናቲቱ ገባቸው፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ነገራት። የምትጠይቀው ለማመልከቻው የሚሆነውን ብቻ ነበር፤ የት ነው፣ በየትኛው ውጊያ፣ በዓይንህ አይተሃል ወይ። የቢሮ ሰው የሆንኩት እኔ እንኳ ከዚህ የተሻለ አልጠይቅም ነበር። ድምጿ አልተሰበረም። ሲጨርስ አንድ ለማመልከቻ የማይሆን ነገር ጠየቀችው።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። እኔ ክንድ ላይ ነው።»

ክንዱን አየችው። ሌላ አልጠየቀችም።

ልጁ እግሩን እየጎተተ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። ጅማ መናኸሪያ ደርሰን ስንወርድ ያልጠበቅሁት ሆነ፤ የዕድሩ ዳኛ እንግዳ ሊሸኙ መጥተው ፊት ለፊት ገጠምን። እሷን አዩ፣ ቁስለኛውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። አስተያየታቸው አሁንም ይታወሰኛል።

እሷ ቀደመችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? የባለቤቴ ጓደኛ ነው፤ ለቤቱ ጉዳይ ምስክር ብፈልግ እትዬ አገኘችልኝ። ደህና ነው አለኝ እኮ! ሰላምም ልኮልኛል።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው ተመለሰ። «ተመስገን» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ተመስገን ልጄ። በይ ሂጂ አትቁሚ፣ ጎንሽን አሳርፊ።»

ጥቂት እንደራቅን ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ በሹራቤ ላይ ተሰማኝ። «እሳቸው ለእኔ ሲሉ ነው የደከሙት» አለችኝ። «ምን ብዬ ላሳዝናቸው?» አሁን ሳስበው ያን ቀን ከሁላችንም ልቡ ጤነኛ የነበረው የእሷ ነው።

ማመልከቻው በዚያው ቀን ገባ። ልጁ አለቃዬ ፊት ቃሉን ሰጠ፤ አለቃዬም መመሪያውን ደጋግሞ አንብቦ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችው መሆኑን ዘንግቶ ሳይሆን ግምገማውን ፈርቶ፣ በመጨረሻ ቦታው ይታገድ ብሎ መራ። በማግስቱ ደግሞ ፍርድ ቤቱን እኔ እንድከታተልላት ውክልና ሰጠችኝ። ፈርማ ስታቀብለኝ «አንቺ ደግሞ እንዳትሞችብኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም በሳቃችን ደነገጥን።

ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም እናቲቱም ደህና። አራስ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ገንፎ እያገነፋ ሲገባና ሲወጣ፣ «አባቷ መጥቶ ሲያያት» እያሉ ያጫውቷት ነበር። ትስቅላቸዋለች። ሰው ሁሉ እሷን የሚያታልላት ይመስለዋል፤ እሷም ታታልላቸዋለች፤ መካከል ላይ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለብቻችን ስንሆን ስለ እሱ አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለ ፋይሉ ነው። ማረጋገጫው ከመከላከያ ሲመጣ ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀችና ልጇን ማጥባት ቀጠለች። አንዳንዴ ታስፈራኝ ነበር። እንዲህ የታመቀ ነገር የት ይሄዳል እል ነበር።

ፍርድ ቤቱ ወራሽነቷን አጽድቆ፣ ውሳኔው እኛ ቢሮ ደርሶ፣ ስም ዝውውሩ የተፈረመው ከክርስትናው በኋላ ነው። በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ መርዶው በነጋታው እንዲነገር መቁረጣቸውን ሰማሁ። ዝውውሩ መፈረሙን ልነግራት ብሄድ ቤቷ በሴቶች ተሞልቷል፤ ሊያሰናዱ የገቡ ናቸው፣ ከእሷ ጋር ለብቻ የሚያገናኝ አልነበረም። ሳልነግራት ተመለስኩ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። የዕድሩ ዳኛ ከፊት፣ ሌሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ። አንዲት ጎረቤት ቀድማ ገብታ ሕፃኗን ታቀፈቻት። በሩን ስትከፍት እኔ ከሴቶቹ መሐል ነበርኩ። የዕድሩ ዳኛ እንደ ወጉ ተናገሩ፤ ስለ ሰው ልጅ ማለፍ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ ከዚያም ስሙን ጠርተው ነገሯት። ሴቶቹ እሪ አሉ።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ቆማለች። የሚይዟትን እጆች አስለቅቃ በሰዎቹ መሐል የሆነ ሰው ትፈልጋለች።

«ደነዘዘች» አለ አንዱ። «ልጄ አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» አሏት ሽማግሌው።

ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ቤቱስ?»

«ምን ቤት ትላለች? ቀልቧን ሳተች እኮ» አሉ።

«ትናንት ተፈረመ» አልኳት። «በአንቺና በልጅሽ ስም ሆኗል።»

ያን ጊዜ ነጠላዋን ከራሷ ወረወረችው። ስሙን ጠርታ የጮኸችው ጩኸት አከራይዋን ከነሌሊት ልብሳቸው አወጣቸው። መሬት ላይ ስትወድቅ ሴቶቹ ሊይዟት ተረባረቡ፤ የዕድሩ ዳኛም «ያዟት፣ ያዟት» ይላሉ።

«ተዉአት» አልኩ። «ታልቅስ።»